የነዳጅ ኢቲኤፍ ገዝቶ ለዓመታት ስለማስቀመጥ

ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የነዳጅ ዋጋ ስለረከሰና አንድ ቀን መመለሱ ስለማይቀር፣ የነዳጅ ኢቲኤፍ (እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ፈንድ) ገዝተው አራት አምስት ዓመት ቢያስቀምጡ ምን እንደሚጎዳዎ፣ የቡናም እንዲሁ ይኖር እንደሆነ ነው የጠየቁት። እዚህ አሜሪካ የወገኖቻችንን ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ የማዘጋጀት ሥራ ስለምሠራ፣ እንዲህ ያሉ ፈንዶችን የገዙ ሰዎች ሰነድ በየዓመቱ በእጄ ያልፋል፤ የምመልስልዎም ከዚያ ተነሥቼ ነው። ስለ ነዳጅ ዋጋ የገመቱት ሁሉ ትክክል ሆኖ እንኳ ገንዘብዎን ሊያጡ ይችላሉ።

ምክንያቱ ፈንዱ ነዳጅ የማይገዛ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ወይም ሰሊጥ የገዛ ሰው፣ ደረጃ ወጥቶለት በመጋዘን ለተቀመጠ ምርት የባለቤትነት ደረሰኝ ያገኛል። ጂኤልዲን የመሳሰሉ የወርቅ ፈንዶችም ለዚህ ይቀርባሉ፤ ወርቁ በካዝና ተቀምጦ ይጠበቃል። ድፍድፍ ነዳጅንና የተፈጥሮ ጋዝን ማከማቸት ግን ውድ ስለሆነ፣ ፈንዱ የሚይዘው ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ በመጪዎቹ ወራት ርክክብ የሚፈጸምበትን የፊውቸርስ ውል ነው። ይህ ውል የርክክቡ ቀን ሳይደርስ መሸጥ አለበት፤ ያለዚያ በኦክላሆማ ግዛት ባለችው ኩሺንግ ከተማ በእያንዳንዱ ውል 1,000 በርሜል መረከብ ይመጣል። ስለዚህ ፈንዱ ሊያልቅ የተቃረበውን ውል እየሸጠ የቀጣዩን ወር ይገዛል፤ ሥራው ይኸው ነው።

የሩቁ ወር ውል ከቅርቡ ሲወደድ ገበያው ኮንታንጎ ላይ ነው ይባላል። የቅርቡ ወር 50 ዶላር፣ የቀጣዩ 52 ዶላር ነው እንበል። ፈንዱ 100 ውል ሸጦ በዚያው ገንዘብ የሚገዛው 96 ውል ገደማ ነው። በዕለቱ የጠፋ ገንዘብ የለም፤ ብዙዎች ኪሳራው በመሸጋገሪያው ቀን የሚደርስ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የነዳጁ ዋጋ 50 ላይ ከቆየ፣ በ52 የተገዛው ውል ወሩ እየተቃረበ ሲመጣ ወደ 50 ይወርዳል፤ በዜና ዋጋው አልተነቃነቀም ሲባል እርስዎ በአንድ ወር 4 በመቶ ገደማ ከስረዋል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ በ2021 እና በ2022 እንደታየው የቅርቡ ወር ከሩቁ ሲወደድ መሸጋገሩ ለባለፈንዱ ይጠቅማል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የዛሬውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹን ወራት ውሎች ዋጋ ጎን ለጎን ይመልከቱ፤ በነጻ የሚገኝ መረጃ ነው።

ይህ ነገር በረዥም ጊዜ ምን እንደሚያደርስ ዩኤንጂ ከተባለው የተፈጥሮ ጋዝ ፈንድ በላይ የሚያሳይ የለም። ፈንዱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በኤፕሪል 2007 ሲጀመር ጋዝ ከ7 እስከ 8 ዶላር ይሸጥ ነበር። በኦገስት 2022 ጋዙ ከ9 ዶላር በላይ ወጣ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዞ የቆየ ሰው ግን፣ የጋዙ ዋጋ እሱ ከገዛበት ጊዜ ከፍ ብሎ ሳለ፣ ከገንዘቡ ከ95 በመቶ በላይ አጥቷል። በመካከሉ ፈንዱ የአክሲዮኑ ዋጋ ከልክ በላይ ሲያንስ ብዙ አክሲዮኖችን ወደ አንድ እያጣመረ ቆይቷል። ዩኤስኦ የተባለው የነዳጅ ፈንድም በኤፕሪል 2006 ሲጀመር በርሜሉም አክሲዮኑም ወደ 70 ዶላር ግድም ነበሩ፤ በ2024 መጨረሻም ሁለቱ እዚያው አካባቢ ነበሩ። ይህን ያየ ሰው ምንም አልጎደለም ሊል ይችላል፤ ነገር ግን በኤፕሪል 2020 ስምንት አክሲዮኖች ወደ አንድ ስለተጣመሩ፣ የኋለኛው 70 ዶላር የስምንት የቀድሞ አክሲዮኖች ዋጋ ነው።

ያ ወር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የሜይ ወር የነዳጅ ውል ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ላይ ተዘጋ። ዩኤስኦ ከዚያ ውል አስቀድሞ ወጥቶ ስለነበር በቀጥታ አልተመታም፤ ሆኖም ርካሽ መስሏቸው የጎረፉት ገዢዎች ፈንዱን እጅግ ስላገዘፉት፣ ወደ ራቁ ወራት ውሎች ለመሸሽ ተገደደ። ከዚያ በኋላ ነዳጅ በፍጥነት ሲያገግም፣ የራቁት ወራት ያን ያህል ስላልጨመሩ ባለፈንዶቹ የጠበቁትን አላገኙም።

የዋጋውን የየቀኑን ለውጥ ሁለት እጥፍ እንሰጣለን የሚሉትን ፈንዶች ለዓመታት የሚቀመጥ ነገር አድርገው አያስቧቸው። ዋጋው ከ100 ወደ 90 ወርዶ በማግስቱ ወደ 100 ቢመለስ፣ ባለሁለት እጥፉ 97.8 አካባቢ ነው የሚቀረው።

ወደ ሙያዬ ስመጣ፣ እንደ ዩኤስኦ ያሉ ፈንዶች በሕግ ሽርክና ስለሆኑ እርስዎም እንደ ሸሪክ ይቆጠራሉ። አክሲዮኑን ከገዙበት ደላላ ድርጅት ከሚመጣው 1099 ከተባለው የሽያጭና የገቢ ቅጽ በተጨማሪ ኬ-1 የሚባል፣ የሸሪኩን ድርሻ የሚያሳይ ቅጽ ይላክልዎታል። ይህ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ማርች ውስጥ፣ ስለሚመጣ፣ ተመላሽ ለማግኘት ቸኩለው በፌብሩዋሪ ያስገቡ ደንበኞች ማስታወቂያቸውን እንደገና ማስተካከል ይገጥማቸዋል። ከዚህም በላይ ምንም ሳይሸጡ፣ ፈንዱ በዓመቱ ካተረፈው የድርሻዎ ግብር ይጠየቃሉ፤ ትርፉም 60 በመቶው እንደ ረዥም ጊዜ፣ 40 በመቶው እንደ አጭር ጊዜ ይቆጠራል። ወርቅ በያዙት ፈንዶች ኬ-1 የለም፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ ይዘው ሲሸጡ ትርፉ እንደ ተራ አክሲዮን ሳይሆን እስከ 28 በመቶ ሊደርስ በሚችል ግብር ይታሰባል። በአይአርኤ (ለጡረታ በሚቆጠብበት የግል ሒሳብ) ውስጥ ከሆነ ይህ ዓመታዊ ጣጣ አይነሳም፤ ወርቅ ለሚወዱ ደንበኞቼም የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

የቡናውን በተመለከተ፣ ጄኦ በሚል ምልክት ይሸጥ የነበረ አንድ የቡና ሰነድ ነበር። እሱ ግን ኢቲኤን፣ ማለትም የባርክሌይስ ባንክ የዕዳ ሰነድ ነበር፤ ገዢው በእጁ የያዘው ባንኩ እከፍላለሁ ያለውን ቃል ብቻ ነው። ባንኩ መልሶ የመግዛት መብት ስለነበረው በ2023 የባለቤቶቹን ገንዘብ በወቅቱ ዋጋ ከፍሎ ዘጋው። በፌብሩዋሪ 2025 የኒው ዮርክ የአረቢካ ቡና ዋጋ በአንድ ፓውንድ ክብደት ከ4 ዶላር በላይ ሲደርስ፣ ቡና ይወደዳል ብለው በትዕግሥት ሲጠብቁ የነበሩት እነዚያ ሰዎች በውስጡ አልነበሩም።