ፈቃድ ወይስ እገዳ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። ጥሬ ዕቃ ጠፍቶ ሥራ ሲቆም የውጭ አገር ዜጋ የሆኑት ሥራ አስኪያጃችን «ፈርሎ ትወጣላችሁ» አሉን፤ በማግስቱ ዘበኛው በሩ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ግን «የሁለት ወር ጊዜያዊ ፈቃድ» ይላል። ደመወዝ የለውም። የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ እንድንፈርምም ታዘናል። ያልጠየቅነው ነገር እንዴት ፈቃድ ይባላል? (አንባቢ፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። «ፈቀደ» በግዕዝ ወደደ፣ ሻ ማለት ነው፤ በአቡነ ዘበሰማያት «ይኩን ፈቃድከ» የምንለው በዚሁ ፍቺ ነው። በመሥሪያ ቤት አማርኛ ደግሞ ፈቃድ ሁለት ወገን ይሻል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይፈቅዳል። የዓመት ፈቃድ እንኳ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ተብሎ በሕግ የተቆረጠ መብት ሆኖ ሳለ፣ ቅጽ ተሞልቶ ነው የሚወጣው።

«ፈርሎ» እንግሊዝኛ ከሆላንድኛ የወሰደው ቃል ሲሆን መጀመሪያ ለወታደር የሚሰጥ ፈቃድ ማለት ነበር፤ በኋላ ግን አሠሪ ሥራ ሲቀዘቅዝበት ሠራተኛውን ያለ ደመወዝ ወደ ቤት መላኩንም ያዘ። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው የፊተኛውን ፍቺ ወስዶ ለኋለኛው ተጠቅሞበታል።

ለኋለኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የራሱ ቃል አለው፤ እገዳ ይለዋል። ውሉ ሳይቋረጥ የሠራተኛው የመሥራት፣ የአሠሪውም ደመወዝ የመክፈል ግዴታ ለጊዜው ይቆማል ማለት ነው። በእርግጥ በሰፈር ወሬ «እገሌ ታገደ» ሲባል ገንዘብ ያጎደለ ወይም የተደባደበ ስለሚመስል፣ ጸሐፊው ቃሉን የሸሸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። አሠሪው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ ወይም ያለ ጥፋቱ በደረሰበት የገንዘብ ችግር፣ ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሥራ ሲያቆም፣ ምክንያቱን በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ አግባብ ላለው ባለሥልጣን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ባለሥልጣኑም ምክንያቱን መርምሮ የእገዳውን ጊዜ ይወስናል፣ ከ90 ቀንም አያልፍም። ጊዜው ሲያበቃ ሠራተኛው በሚቀጥለው የሥራ ቀን ይቀርባል፣ አሠሪውም ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

ቅጹን በተመለከተ፣ ሠራተኛው ራሱ ጠይቆ የሚወስደው ደመወዝ የማይከፈልበት ፈቃድም በዚሁ አዋጅ ለእገዳ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ነው፤ ለባለሥልጣን የማሳወቁ ግዴታ ግን እሱን አይመለከትም። ስለዚህ «የጠያቂው ፊርማ» በሚለው መስመር ላይ ከፈረሙ ወረቀቱ የሚናገረው እርስዎ እንደጠየቁ ነው። መስመሩን ባዶ ትተው የእገዳ ደብዳቤ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።