ፓኬጁ ኮምፒውተሬ ላይ እያለ ለምን ጊትሀብ ይሄዳል?

ከባሕር ዳር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አዲስ ፕሮጀክት በአንድ ትዕዛዝ የሚያዘጋጅ መሣሪያ ለቢሯችሁ ሠርተሃል፤ የራሳችሁን ፓኬጅም (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ኮድ) በአማራጭ ይቀበላል። ኮምፒውተርህ ላይ ያለውን ፎልደር ስትሰጠው ግን ጊትሀብ (ኢንተርኔት ላይ ያለው የኮድ ማከማቻ) ድረስ ሄዶ «አልተገኘም» ይልሃል። ኔትወርክ እየተቆራረጠ ለእያንዳንዷ ሙከራ ፓኬጁን ኢንተርኔት ላይ መጫን ሰልችቶሃል። እውነትክን ነው።

ጊትሀብ የሚሄደው መሣሪያህ የሚጠራው ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ጫኙ) ነው። ሁለት ቃል በስላሽ ተለይቶ ሲያይ ጊትሀብ ላይ ያለ የባለቤትና የሪፖዚተሪ (የኮድ ማኅደር) ስም ይመስለዋል። ከፊቱ ነጥብና ስላሽ፣ ወይም በእንግሊዝኛ ፊደል «ፋይል» ብለህ ኮሎን ብታስቀድም እዚሁ እንዳለ ይገባዋል።

እኔን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ግን ቀጣዩ ነው። መሣሪያህ አዲሱን ፎልደር ይፈጥራል፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ኤንፒኤምን የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ተጠቃሚው አድራሻውን የጻፈው ግን ውጭ ቆሞ ነው። ጊዮርጊስ ጋ ቆሞ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» የተባለ ሰው ዓባይ ድልድይ ደርሶ ቢታጠፍ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ፎልደር ሳትቀይር፣ ገና ከመነሻው፣ አድራሻውን ወደ ሙሉ አድራሻ ቀይረው። የኖድ (ጃቫስክሪፕትን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ፓዝ ሞጁል ውስጥ ያለው ሪዞልቭ ለዚሁ የተሠራ ነው። የፓኬጁን ስም ደግሞ ከፎልደሩ ስም አትገምት፤ ውስጡ ካለው ፓኬጅ ጄሰን (የፓኬጁ መግለጫ ፋይል) አንብበው።

ከ2017ቱ ኤንፒኤም 5 ወዲህ ፎልደር ስትሰጠው አይቀዳልህም፣ ሲምሊንክ (ወደ ዋናው ፎልደር የሚጠቁም አቋራጭ) ነው የሚያስቀምጠው። ኖድም ሊንኩን ተከትሎ ዲፔንደንሲዎቹን (ፓኬጁ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች) እውነተኛው ቦታ ላይ ይፈልጋል፤ እዚያ ካልተጫኑ «ሞጁሉ አልተገኘም» ይልሃል። ስለዚህ እኔ በፎልደር አልሞክርም። ፓኬጁ ውስጥ ገብቼ በኤንፒኤም ፓክ አሽገዋለሁ፤ የሚወጣውን የቲጂዜድ ፋይል አድራሻ ለመሣሪያው እሰጠዋለሁ። ልክ ከኢንተርኔት እንደወረደ ሆኖ ይጫናል፤ ማሸግ የረሳኸው ፋይል ካለም ያኔውኑ ይታወቃል። መሣሪያህ ፎልደሩንም የታሸገውን ፋይልም ይቀበል።

ዲፔንደንሲዎቹ ካሽ (ቀድሞ የወረደው የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ ከሌሉ ኔት መጠየቃቸው አይቀርም፤ መጀመሪያ ካሹን እንዲያይ «ፕሪፈር ኦፍላይን» የሚለውን አማራጭ ጨምርበት። የተፈጠረው ፕሮጀክት ፓኬጅ ጄሰን ውስጥ ደግሞ ያንተ ኮምፒውተር አድራሻ ተጽፎ ይቀራል። ወደ ጊት ሳትልከው በቨርዥን ቁጥር ተካው፤ አለዚያ ነገ ጓደኛህ ማሽን ላይ አይነሳም።