እርጉዝ ለማሸት ባንኮክ ልሂድ ወይ ላልሽኝ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቢሾፍቱ አንድ ስፓ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርተሻል፤ የታይ ማሳጅ ያሳየችሽ ከታይላንድ መጥታ አብራሽ ትሠራ የነበረች ባልደረባሽ ናት። ባለፈው ወር የሰባት ወር እርጉዝ መጣችና አለቃሽ «እንደ ሌላው ሥሪላት» ሲልሽ ፈራሽ። ሆዷን ሳትነኪ እግሯንና ትከሻዋን ብቻ አሽተሽ ሸኘሻት። አሁን ያጠራቀምሽውን ይዘሽ ባንኮክ የእርጉዝ ማሳጅ ልትማሪ፣ ከዚያ ወይ እዚያው ልትቀጠሪ ወይ ቨርጂኒያ ያለችው እህትሽ ጋ ልትሄጂ አስበሻል።

መፍራትሽ ደግ ነው። ሆዷን ስለተውሽ ግን ከአደጋ የራቅሽ መስሎሻል፤ እኔን ያሳሰበኝ እግሯ ነው። የታይ ማሳጅ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ከሰዓቱም ብዙው እግር ላይ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። ብሽሽት ላይ በመዳፍ ተጭኖ ደሙን ለጥቂት ጊዜ ያዝ አድርጎ መልቀቅም አንዱ ስልቱ ነው። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ደም ቶሎ ይረጋል። ብዙ ጊዜ የሚረጋውም በእግር ጥልቅ ደም ሥሮች ውስጥ ነው፤ ከዚያ ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የእርጉዝ ባትና የጭኗን የውስጥ በኩል ጠበቅ አድርጎ መጫን፣ ብሽሽቷን መያዝ ጨርሶ አይሆንም። በጀርባ ማስተኛትም እንዲሁ፤ ሆዱ እየገፋ ሲሄድ ማህፀኑ ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን ደም ሥር ይጫነዋል፣ ሴትየዋም ራሷን ሊያዞራት ይችላል። በጎኗ ትተኛለች፤ አንድ ትራስ በጉልበቶቿ መካከል፣ አንድ ከሆዷ ሥር፣ አንድ እንድታቅፈው። መወጠርና መጠምዘዙም ይቀራል፤ መገጣጠሚያዋ በእርግዝናው ስለላላ ከልክ በላይ ብትስቢያት በጊዜው ላይታወቃት ይችላል።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም፤ አንዲት አዋላጅ ነርስ ጓደኛዬን ጠይቄ ነው። እዚያው ቁጭ ባልንበት ቅልጥሜ ላይ አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ ያዘችና ለቀቀችው። «ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው» አለችኝ። ማታ ማታ የሁለቱም እግር ማበጥ ብዙ እርጉዞች ላይ ይታያል። አንዱ እግር ብቻ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሲነኩት የሚያተኩስና የሚያም ከሆነ ግን እጅሽን አንሺ። ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካላት፣ ወይም ደም ካየች ያቺ ሴት በቀጥታ ሐኪም ጋ ትሂድ። የዚህ ሙያ ግማሹ መቼ እንደማይነካ ማወቅ ነው፣ ይህን ደግሞ የማሳጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚያስተምር ኮርስ አይሰጥሽም።

ወደ ባንኮክ ልምጣ። በዋት ፖ ቤተ መቅደስ ውስጥ በንጉሥ ራማ 3ኛ ዘመን በድንጋይ የተቀረጹ የማሳጅ ሥዕሎች ዛሬም ይታያሉ፤ ትምህርት ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1955 ተከፍቷል። ዩኔስኮ ኑዋድ ታይን (የታይ ማሳጅን በአገሩ ስም) በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከምንጩ መማር ትልቅ ነገር ነው። እዚያው ልቀጠር ያልሽው ግን አይሆንም፤ የታይ ማሳጅ በአገሪቱ ሕግ ለዜጎች ብቻ የተከለለ ሥራ ነው። ቨርጂኒያም ፈቃድ ለማግኘት 500 ሰዓት ትምህርትና የፈቃድ ፈተና ይጠየቃል፤ ባንኮክ ለውጭ አገር ሰው የተለመደው መነሻ ኮርስ ደግሞ 30 ሰዓት ገደማ ነው። ያን ወረቀት ይዘሽ እህትሽ ጋ ብትደርሺ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ።

ባይሆን አንድ ነገር ልብ በይ። በታይ ባህል እናት በደንብ የምትታሸው ከወለደች በኋላ ነው። እሳት አጠገብ ትተኛለች፣ ይህንም «ዩ ፋይ» ይሉታል፤ ዕርድ፣ ጠጅ ሣርና ካምፎር በጨርቅ ተቋጥሮ በእንፋሎት ይሞቅና ሰውነቷ ላይ ይደረጋል። ከእኛ አራስ ቤት ብዙም አይርቅም። እናቷ መጥታ የምታርሳት ሴት በከተማው እየቀነሰች ነው፤ ቤት ድረስ ሄዶ አራስን በጥንቃቄ የሚያሽ ሠልጣኝ ሰው ይፈለጋል ብዬ አምናለሁ። እዚያም ቢሆን የደም መርጋቱ ስጋት ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ በኦፕራሲዮን የወለደችም ሐኪሟ ሳይፈቅድ አትታሽም።

ስለዚህ ዘንድሮ ለባንኮክ ብለሽ ገንዘብሽን አትንኪው። መጀመሪያ የሰውነት አካላትን አሠራር በወጉ የሚያስተምር የማሳጅ ትምህርት ግቢ። የእርጉዝ ኮርስ ስትመርጪ፣ ስንት ሰዓት በእውነተኛ እርጉዝ ላይ በአሠልጣኝ ክትትል እንደሚያሠሩሽ፣ የአደጋ ምልክቶቹንም የጤና ባለሙያ ያስተምር እንደሆነ ጠይቂ። አሻንጉሊት ወይም አብራሽ የምትማር ልጅ ላይ ብቻ ከሆነ አትክፈዪ።

ደግሞም እንዳልሸሽግሽ፣ «ልጁ ተጋድሞብኛል፣ ሆዴን እሽልኝ» የምትል ትመጣብሻለች፤ እናቷም አያቷም ታሽተዋልና። አክብረሽ፣ ክትትል ወደምታደርግበት ጤና ጣቢያ ምሪያት። ሆድ አይታሽም።

አለቃሽን በተመለከተ፣ አልሠራም ከምትዪው አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅተሽ አሳዪው። ስንተኛ ወሯ ነው፣ ሐኪሟ ፈቅዷል ወይ፣ ደም አይታለች ወይ፣ ግፊት አለባት ወይ፣ የትኛው እግሯ ነው ያበጠው። ረቂቁን ላኪልኝ፤ ጓደኛዬ አይታ ታርምልሻለች።