መልስ፦ አንቲባዮቲክ እየተወሰደ የሳንባው ባክቴሪያ ለምን አይጠፋም?

እህቴ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በዘር የሚወረስ በሽታ ያለበት ሰው ያን ሁሉ አንቲባዮቲክ ወስዶ ባክቴሪያው ለምን እንደማይለቀው ጠይቀሻል። በካሊፎርኒያው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ የሚመሩትን የፕሮፌሰር ዳያን ኒውማንን ሥራ ፈልገሽ አንብቢ።

በዚህ በሽታ አክታው ወፍሮ ሳንባ ውስጥ ይጣበቃል። ውስጥ ውስጡን ኦክስጅን እንደልብ አይደርስም። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን መላ አለው። ፒዮሳያኒን የሚባል ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ያመነጫል። ባክቴሪያው ከምግቡ ኃይል ሲያወጣ የሚተርፈውን ኤሌክትሮን ቀለሙ ይቀበልና ኦክስጅን ወዳለበት ያደርስለታል። በዚህም ሳያድግ ነፍሱን ያቆያል። ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች ደግሞ የሚበረቱት በፍጥነት በሚያድግ ባክቴሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ላብራቶሪ ሳህን ላይ ቶሎ የሞተው፣ ታማሚው ሳንባ ውስጥ ላይሞት ይችላል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ፣ ፕሮፌሰሯ የመጡት ከሕክምና አይደለም። ለዶክትሬታቸው ያጠኑት አርሴኒክ የሚባለውን መርዝ እየተጠቀመ የሚኖር ባክቴሪያ ነበር።