መጀመሪያ ታኮ

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ?

ዕድሜዬ ወደ 70 እየተጠጋ ነው። ከዚህ ውስጥ 38 ዓመቱን የኖርኩት የተገለበጠ መኪና በማንሳት ነው። ቦቴ፣ ተሳቢ፣ አውቶቡስ፣ ሎቤድ፤ አንዴ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያደረ ግሬደር። መርከብ አንስቼ አላውቅም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ መርከብ ነው። የወደቀ ነገር ስለማንሳት ሳስብ ከሁሉ ቀድማ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት። ሙያ ለምትጀምሩት፣ ብየዳ ለምትለማመዱት፣ ኢንጂነሪንግ ለምትማሩት፣ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆናችሁ ለምትውሉት ደግሞ እሷን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል።

ስሟ ኮስታ ኮንኮርዲያ ነው። የመዝናኛ መርከብ ነበረች። ርዝመቷ 290 ሜትር፤ ሦስት የኳስ ሜዳ ጫፍ ለጫፍ ቢገጠም ነው ይህን የሚያህለው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 4 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ዓርብ ምሽት፣ 4,229 ሰው ጭና በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ታልፍ ነበር። ካፒቴኑ ለደሴቲቱ ሰላምታ ለመስጠት ብሎ መርከቧን ከልክ በላይ ወደ ዳር አስጠጋት። ድንጋይ ጎኗን ቀደደው። ውሃ ገባ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ቀስ በቀስ ዞራ ደሴቲቱ ዳር በጎኗ ተኛች። 32 ሰው ሞተ። ካፒቴኑ መንገደኞቹ ወጥተው ሳያልቁ መርከቧን ጥሎ ወርዶ ስለነበር በኋላ 16 ዓመት ተፈረደበት። ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። እኔ ላወራላችሁ የምፈልገው ከእሱ በኋላ ስለመጡት ሰዎች ነው።

መርከቧ እዚያ 20 ወር ያህል በጎኗ ተኛች። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ምንም የሚሠራ አይመስልም ነበር። ክሬን ይቆማል፤ ጀልባ ይመጣል፤ ጀልባ ይሄዳል፤ መርከቧ እዚያው ናት። «ምን እየጠበቁ ነው?» የሚል ብዙ ነበር። እኔ ግን ዜናውን በተከታተልኩ ቁጥር ሰውነቴን ይነዝረኝ ነበር። ምን እየሠሩ እንደነበር አውቃለሁና። ታኮ እያደረጉ ነበር።

ታኮን ታውቃላችሁ። ከባድ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ገና መኪናው ሳይረጋ ዘሎ ይወርድና ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ግንድ ይወትፋል። እሱ ነው ታኮ። ሾፌሩ ፍሬን ይዣለሁ ቢልም ይወትፋል። ማርሽ አስገብቻለሁ ቢልም ይወትፋል። ጥሩ ረዳት ማንንም አያምንም፤ ድንጋዩን ብቻ ነው የሚያምነው።

ጂሊዮ ላይ የነበረው ችግር ልክ የዳገት መኪና ችግር ነው። መርከቧ የተኛችው ሜዳ ላይ አይደለም። የባሕሩ ወለል ግራኒት ነው፤ ወደ ጥልቁ በኃይል ያዘቀዝቃል። ክብደቷን የያዙት ሁለት የድንጋይ ጉብታዎች ናቸው። ከእነሱ ከተንሸራተተች አለቀ፤ ጥልቁ ውስጥ ትገባለች፣ ማንም አያወጣትም። ስለዚህ ዝም ብለህ ገመድ አስረህ ብትስባት ልታቃናት አይደለም፣ ልታሰጥማት ነው።

እነሱ ምን አደረጉ? መጀመሪያ እንዳትንሸራተት በሆዷ ሥር ሰንሰለት አሳልፈው በደሴቲቱ በኩል አሰሯት። ከዚያ ጠላቂዎች ወርደው በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በከረጢት ሞሉት። ከረጢቶቹ ባዶ ሆነው ወርደው እዚያው ውሃ ውስጥ በሲሚንቶ የሚሞሉ ናቸው። ቁጥራቸው ከ1,000 ይበልጣል፤ ሲሚንቶው ከ10,000 ቶን በላይ ነው። ይኼ ሁሉ ታኮ ነው! በባሕሩ በኩል ደግሞ ግራኒቱን ሰርስረው ምሰሶ ተከሉና መርከቧ ስትቃና የምትቆምባቸውን ስድስት የብረት መድረኮች ሠሩ። ከ20 በላይ አገር የመጣ 500 የሚጠጋ ሰው ቀንና ሌሊት እየተፈራረቀ ይሠራ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን መርከቧ አንዲት ስንዝር አልተነሳችም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልንገራችሁ። እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

1978 ዓ.ም. ነው። ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ናፍጣ የጫነ ቦቴ ተገለበጠና እንዳነሳ ተላክሁ። መንገድ ተዘግቷል። መኪና ተሰልፏል። አለቃዬ «ዛሬውኑ» ብሏል። ሾፌሮቹ ጥሩምባ ያንባርቃሉ። እኔም ጉብዝናዬን ላሳይ ነው። ናፍጣው ይቀዳ ያለኝ አንድ ሽማግሌ ረዳት ነበር፤ «ግማሽ ቀን ይፈጅብናል» ብዬ አልሰማሁትም። ካቦ አሰርኩ፤ ገመድ እየጠቀለለ የሚስበውን ዊንች አስነሳሁ፤ ሳብኩ።

ቦቴው ትንሽ ተነሳ። ከዚያ ተመልሶ ተንሸራተተና አንድ ድንጋይ ሆዱን ቀደደው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ወፍራም ጨርቅ ሲተረተር እንደሚሰማው ዓይነት። ናፍጣው ቁልቁል ፈሰሰ። ከሥር ማሳ አለ። ከማሳው ሥር ምንጭ አለ።

በማግሥቱ አንድ ገበሬ ወደ እኛ ወጡ። አልጮኹም፤ አልሰደቡኝም። በቅል ውሃ ይዘው መጥተው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉት። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቀለም ይዋኛል። «ልጄ፣ ይኼን ከብት ይጠጣዋል?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ጂሊዮ ላይ ማንም ሰው መርከቧን ስለማንሳት ሳያወራ በፊት የተሠራው ሥራ ነዳጁን ማውጣት ነው። ከ2,000 ቶን በላይ ነዳጅ ታንኮቿ ውስጥ ነበር። በብርድ የሚረጋ ወፍራም ዘይት ስለሆነ ዝም ብሎ አይቀዳም። ታንኩ ላይ ቫልቭ ገጥመው፣ በቫልቩ ውስጥ በስተው፣ ዘይቱን አሙቀው ነው የሳቡት። ከየካቲት እስከ መጋቢት 2004 ፈጀ። ይህን ሳነብ እኒያ ገበሬ ትዝ አሉኝ። ባሕሩ ወለል ላይ የሚኖሩ ትልልቅ ዛጎሎች እንኳ አልተረሱም። 200 የሚሆኑትን እየነቀሉ ወደ ሌላ ቦታ አዛውረዋቸዋል። ዛጎል ለማዛወር ጊዜ የሚሰጥ ሰው ሥራውን ያውቃል።

የመሳቢያው ቀን መስከረም 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ሆነ፤ ሰኞ። እኛ ዘንድ አዲስ ዓመት ገብቶ አምስት ቀን ማለፉ ነው። ቤቴ ውስጥ ቄጠማው ገና አልተጠረገም። ጠዋት ሊጀምሩ ሲሉ ሌሊቱን በጣለው ነጎድጓዳማ ዝናብ ምክንያት ሦስት ሰዓት ያህል ዘገዩ። የዓለም ካሜራ ሁሉ ተደርድሮ እየጠበቀ! እኛ ጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ጀመሩ። እኔ ዲሹን ከፍቼ ተቀመጥሁ። ባለቤቴ ቡና አፈላች፤ በረካውም ደረሰ፤ መርከቧ አልተንቀሳቀሰችም።

የሚስቡበት መሣሪያ እንደ ትልቅ ክሪክ ነው። ብዙ የብረት ገመዶች በመሀሉ ያልፋሉ። አንዱ ጥርስ ገመዱን ይነክሳል፤ ፒስተኑ በዘይት ኃይል ይገፋል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ከዚያ ሌላው ጥርስ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ለቅቆ ይመለሳል። እንደገና ይነክሳል። እንደገና ጥቂት ሴንቲ ሜትር። መጀመሪያ ከድንጋዩ ለማላቀቅ 6,000 ቶን የሚደርስ ጉልበት አስፈልጎ ነበር። ከተላቀቀች በኋላም ማንም አልቸኮለም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር አየሁ። ከነጩ ጎን በታች ቡናማ መስመር ብቅ አለ። መጀመሪያ እንደ ጭቃ ጠብታ ቀጭን ነበር። ሰዓቱ በሄደ ቁጥር ሰፋ። ለካ 20 ወር ውሃ ውስጥ የነበረው ጎኗ ነው የሚወጣው፤ ዝቃጭ የለበሰ፣ የተጨፈለቀ። ዕድሜ ልኬን ብዙ ብረት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላየሁም። በመሀል የላሉ ገመዶች ስለነበሩ ሥራውን አቁመው አስተካከሉ። ዓለም እያየ ቆሙ። እኔ ጣርማ በር ላይ በሃያ ሾፌር ጥሩምባ ተሸንፌያለሁ። እነዚህ በዓለም ሁሉ ፊት ቆሙ። ልጆቼ፣ ከዚያ ሁሉ ሥራ አንድ ነገር ብቻ መውሰድ ትችላላችሁ ብባል እሷን ነው የምሰጣችሁ። ገመዱ ከላላ ቁሙ። ማንም ያንባርቅ፣ ቁሙ።

እኛ ጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን መርከቧ ቀጥ ብላ መድረኮቹ ላይ ተቀመጠች። 65 ዲግሪ ለማቃናት 19 ሰዓት ፈጀ። ሥራውን የመራው ኒክ ስሎን የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እዚያው አጠገቧ ነበር። ጂሊዮ ላይ ጡሩምባ ተነፋ። እኔ ብቻዬን ሳሎን ውስጥ አጨበጨብኩ።

ዘዴው አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1934 ዓ.ም. ፐርል ሐርበር በሚባል ወደብ ላይ ኦክላሆማ የምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ በጃፓን ቶርፒዶ ተመትታ ተገለበጠች፤ 429 ሰው አለቀ። ከዓመት በላይ ቆይቶ የብስ ላይ 21 ዊንች ተክለው እንደዚሁ በገመድ አቃኗት። ከሦስት ወር በላይ ፈጅቷል። ስለዚህ ወጣት ስትሆኑ «አዲስ ሐሳብ አመጣሁ» ከማለታችሁ በፊት ከእናንተ በፊት ማን እንደሞከረው ጠይቁ። ያ ሽማግሌ ረዳትም ከእኔ በፊት ስንት ቦቴ አይቷል። ስሙን እንኳ በወጉ አልያዝኩም። ይኼ ይቆጨኛል።

ሌላ ልነግራችሁ የሚገባ አለ። ከጠፉት ሰዎች ሁለቱ መርከቧ ተቃንታም ገና አልተገኙም ነበር። ቤተሰቦቻቸው ደሴቲቱ ላይ መጥተው ይጠብቁ ነበር። የአንደኛዋ አጽም በዚያው መኸር ተገኘ። ሁለተኛው አንድ ሕንዳዊ አስተናጋጅ ነው። እሱ የተገኘው ጥቅምት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው፤ መርከቧ ተጎትታ ጄኖዋ ወደብ ከገባች ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ክፍል ውስጥ። እስከዚያ ድረስ ፍለጋው አልተተወም። በማንሳቱ ሥራ ላይ ደግሞ አንድ ስፔናዊ ጠላቂ በጥር 2006 ውሃ ውስጥ ሕይወቱ አልፏል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ! ሥራችሁ አደገኛ ከሆነ ከእናንተ ጋር የሚወርደው ሰው እናት እንዳለችው አትርሱ። ድካሙን ከፊቱ አንብቡ። ዛሬ ይብቃህ በሉት።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ግራና ቀኟ ላይ 30 ግዙፍ የብረት ሣጥኖች ገጠሙላት፤ ትልልቆቹ እንደ 11 ፎቅ ሕንፃ የሚረዝሙ ናቸው። ሣጥኖቹ ውስጥ ያለውን ውሃ በአየር ሲያስወጡ ተንሳፈፈች። ሐምሌ 16 ቀን 2006 ከጂሊዮ ተነስታ ከአራት ቀን በኋላ ጄኖዋ ደረሰች። እዚያ እየተቆራረጠች በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አለቀች። ሥራው ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ፈጅቷል፤ መርከቧ ስትሠራ የወጣባት ግማሹን እንኳ አይሆንም። አንዳንድ ሰው «ለቁርጥራጭ ብረት?» ይላል። ለብረቱ አልነበረም። ለባሕሩ ነው፤ ለደሴቲቱ ሰዎች ነው፤ ለእነዚያ ሁለት ቤተሰቦች ነው። እነ ስሎን ድንጋዩን የመቱት እነሱ አልነበሩም። ማን እንዳጠፋ ሲከራከሩ አልዋሉም። ወርደው ከረጢት ሞሉ። እናንተም ሥራ ስትገቡ ሌላው ያበላሸውን የምታስተካክሉበት ቀን ብዙ ነው። ያ ቀን ሲመጣ ሥራው ከእናንተ ደረጃ በታች አይምሰላችሁ።

ከዚያ ከ1978ቱ አደጋ 11 ዓመት ቆይቶ እዚያው ጣርማ በር ላይ ሌላ ቦቴ ተገለበጠ። እኔው ተላክሁ። ጠዋት ስደርስ እኒያ ገበሬ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። አወቁኝ፤ ሰላምታም ሰጡኝ፤ ሌላ ግን ምንም አላሉም። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው እጄን ያያሉ። ጎማው ሥር ታኮ ስናደርግ አዩ። ሰንሰለቱን ከቋጥኙ ጋር ስናስር አዩ። የፓምፑ ቱቦ ቦቴው ላይ ተገጥሞ ናፍጣው ወደ ሌላው መኪና መሄድ ሲጀምር ተነሱ። ጋቢያቸውን አራገፉ። «በሉ በርቱ» አሉንና ቁልቁል ወደ ቤታቸው ወረዱ።