ጥርሱን ከማስነቀልሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ስበላ ከጆሮዬ ሥር ቀጭ ይላል፤ ጠዋት አፌን እንደ ልቤ መክፈት ያቅተኛል፤ የጥርስ ሐኪሙ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስሽ ይነቀል ብሎኛል፤ ላስነቅለው ወይ?» ብለሻል። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን በዚሁ መንገድ ሄጄ አንድ ጤነኛ ጥርስ አጥቻለሁ። ጥርሱ መበላሸቱ በራጅ ታይቶ ካልተረጋገጠ፣ እባክሽ አትቸኩዪ።

እኔን የጀመረኝ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰኔ በጀት የሚዘጋበት ወር ስለሆነ እስከ ሌሊት እንሠራለን። መጀመሪያ ጆሮዬን አመመኝ። ጠብታ ታዘዘልኝ፣ ለውጥ የለም። አንቲባዮቲክ ዋጥኩ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ጥርሴ ተነቀለ። ድዴ ሲድን ሕመሙ እዚያው ነበር። ሌሊት ጥርሴን ሳፋጭ የሰሙት እናቴ ወስፋት ነው ብለው የወስፋት መድኃኒት አጠጡኝ።

በመጨረሻ ያየችኝ የጥርስ ሐኪም መስታወት ፊት አቁማ አፌን ቀስ ብዬ እንድከፍት አዘዘችኝ። አገጬ ቀጥ ብሎ አልወረደም፤ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ቀጭ ብሎ ተመለሰ። ጣቶቿን ከጆሮዬ ፊት አድርጋ ጫን ስትል ዕንባዬ መጣ። አብዛኛው ሰው ሦስት ጣቶቹን ደራርቦ በፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል፤ የእኔ ሁለቱም በመከራ ነበር የገቡት።

ችግሩ ከጥርሴ ሳይሆን ከመንጋጋዬ መጋጠሚያና ከጡንቻዎቹ ነበር። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚጋጠመው ልክ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ነው፤ ሕመሙ የጆሮ የሚመስለው ለዚህ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለች ትንሽ ዲስክ አለች። እሷ ሸሽታ ስትመለስ ነው ቀጭ የሚለው። ሕመም የሌለበት ድምፅ ሕክምና አያስፈልገውም። ብዙ ጊዜ የሚያመው ደግሞ መጋጠሚያው ሳይሆን ለማኘክ የሚሠሩት የጉንጭና የጆሮ ግንድ ጡንቻዎች ናቸው።

ሕይወቴን የለወጠው ነገር ይህ ነው፦ ጥርስ ከጥርስ መገናኘት ያለበት ስናኝክና ስንውጥ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ከንፈር ይገጠማል፣ ጥርስ ይለያያል፣ ምላስ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ኋላ ላንቃ ላይ ያርፋል። እኔ ቁጥር ስደምር ጥርሴን ነክሼ እውል ነበር፤ አላውቀውም። ኮምፒውተሬ ጥግ ላይ ትንሽ ቀይ ወረቀት ለጠፍኩ፤ ባየኋት ቁጥር መንጋጋዬን አላቅቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ከሃያ ጊዜ በላይ ነክሼ አገኘሁት።

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ማስቲካና ጥሬ ሥጋ ለሁለት ወር ተውኩ። ገንፎ፣ ሽሮ፣ አልጫ በላሁ፤ ትልቅ ጉርሻ ሲመጣ ለሁለት እንዲከፍሉልኝ ለመንኩ። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ለሰዓታት ማኘኩ ያባብሰዋልና አቁሚ። በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጉንጬ ላይ ጠዋትና ማታ ለሃያ ደቂቃ ያህል አደርግ ነበር። ስታዛጊ አገጭሽን በጡጫሽ ከሥር ደግፊ። አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት ይረዳል፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን ሐኪም ሳታማክሪ አትውሰጂ። ሌሊት የማደርገው በጥርሴ ልክ የተሠራ የፕላስቲክ ሽፋንም አለኝ። ጥርሱን ከመፋጨት ይጠብቅልኛል፤ የመንከስ ልማዱን ግን አላስተወኝም፤ ያንን ያስተወችኝ ወረቀቷ ናት።

እኔ ላይ ለውጡ የታየው በስድስተኛው ሳምንት ነው። እስከዚያው «ጥርስሽን ሞርደን ንክሻሽን እናስተካክል» ወይም ከመነሻው «ቀዶ ሕክምና ይደረግልሽ» የሚልሽ ካለ ሌላ ሐኪም አማክሪ። የተሞረደ ጥርስ አይመለስም።

አፍሽ ተከፍቶ ወይም ተዘግቶ ከቀረ፣ ወይም ፊትሽ አብጦ ትኩሳት ከመጣ ግን ቀን አትጠብቂ። ሕመሙ ደረት ከመጨነቅ ወይም ትንፋሽ ከማጠር ጋር ከመጣ ልብ ሊሆን ይችላልና ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ቤተሰብ ካለሽም፣ ሲያኝክ መንጋጋው እያመመው አዲስ የራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከጀመረው በዚያው ቀን ይታይ።

ዛሬ ማታ መስታወት ፊት ቆመሽ አፍሽን ቀስ ብለሽ ክፈቺ። አገጭሽ ወዴት እንደሚዞርና ስንት ጣት እንደሚገባ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።