የአንባቢያን ጥያቄ፦ ብርዱ ሳይገባ አየሩ እንዲወጣ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አዲስ የብሎኬት ቤት ሠርተን ገብተናል። መስኮቱ አልሙኒየም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ ነው። ከኅዳር ወዲህ ጠዋት ስንነሳ መስታወቱ በውሃ ተሸፍኖ እናገኘዋለን፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ጠቁሯል። ብርዱን ፈርተን መስኮት አንከፍትም፤ ማታ ማታ ከሰል እናስገባለን። ምን ዓይነት የአየር ማውጫ ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ከሰሉን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ያስወጡ። ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ «አሁንስ ነጻ» ተብሎ ይገባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ አመድ ከለበሰ ፍምም ይወጣል። ነቅቶ ያለውን ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛው ግን ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ከዚህ በታች የምንነግርዎ ቀዳዳ ለሰው ትንፋሽ እንጂ ለከሰል አይበቃም።

ወደ ውሃው እንምጣ። በበጋ ሌሊት የውጭው አየር ደረቅ ነው፤ መስታወቱን የሚያላበው ከትንፋሽ፣ ከድስት፣ ከእንጀራ ምጣድና ቤት ውስጥ ከተሰጣ ልብስ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው የውጭ ግድግዳ የክፍሉ ሙቀት ስለማይደርሰው እርጥበቱ እዚያ ያርፍና ይሻግታል። ቁም ሳጥኑን 10 ሳ.ሜ. ያርቁት፤ ሻጋታውን በውሃ በቀጠነ በረኪና ጠርገው በደንብ ሳይደርቅ ቀለም አይቀቡ።

ለመኝታ ቤት ሞተር አያስፈልግም። ለሁለት ሰው በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይበቃል። አንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ለመግቢያ፣ አንድ ለመውጫ ያዘጋጁ። መግቢያው ከወለል 2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከአልጋው ራስጌ ርቆ፣ ወደ ውጭ ትንሽ አዘቅዝቆ ይግባ፤ የውጭ አፉ በክርን ወደ ታች ይዙርና 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ሽቦ ይልበስ። ከዚያ የደቀቀ ወንፊት በበጋው አቧራ ይደፈናል። መውጫው ከተቃራኒው ጥግ ኮርኒሱን አልፎ ከቆርቆሮው በላይ 50 ሳ.ሜ. ይውጣ፣ የዝናብ ቆብም ይደረግለት። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ይህ የሚያወጣው የሚፈለገውን ግማሽ ያህል ስለሆነ የክፍሉን የውስጥ በር ገርበብ አድርጋችሁ ተኙ።

እዚህ ላይ አናጢዎች ቱቦውን ኮርኒስ ውስጥ አቁመው ይተዉታል፤ ይህን እንዳይቀበሉ። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ ከሥሩ ውርጭ ሆኖ ይጋገርና ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሲመታው ቀልጦ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎት ምስማር ያስቀይራል። ኮርኒስ ውስጥ የሚያልፈውን የቱቦ ክፍልም በሱፍ ወይም በጆንያ ይጠቅልሉት፤ አለበለዚያ ውስጡ አልቦ አልጋ ላይ ያንጠባጥባል።

ፋን የሚያስፈልገው ለሻወርና ለኩሽና ነው። ለሻወር በሰዓት ከ80 እስከ 100 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ባለ 10 ሳ.ሜ. ይበቃል፤ ከታጠቡ በኋላ 20 ደቂቃ ይሥራ፣ ከበሩ ሥርም 2 ሳ.ሜ. ክፍተት ይተዉ፤ አየር የሚገባበት ከሌለ ፋኑ ይጮሃል እንጂ አያወጣም። ለኩሽና ባለ 15 ሳ.ሜ. ይውሰዱ። ሁለቱም ሲቆሙ በራሱ የሚዘጋ ክዳን ያላቸው ይሁኑ። ከሰል ወይም እንጨት እየነደደ ግን ፋን አይክፈቱ፤ ጭሱን ወደ ክፍሎቹ ይስበዋል።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ የሚወጣውን አየር ሙቀት ለሚገባው የሚያስተላልፍ መሣሪያ ልላክልህ ይለኛል። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እኛ ብንሆን አናስልክም። ከ2,800 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው። በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ሲቀያየር፣ ውስጡ 15 ውጩ 5 ዲግሪ ቢሆን፣ የሚጠፋው ሙቀት 120 ዋት ገደማ ነው፤ ሁለት የተኙ ሰዎች ከሚሰጡት አይበልጥም። መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው ወራት ሙሉ ቀንና ሌሊት በሚሞቅ ቤት ነው። ማጣሪያው በአቧራ ይሞላል፣ መብራት ሲጠፋም ይቆማል። ገንዘቡን ኮርኒሱ ላይ ለሚነጠፍ የሙቀት መከላከያና ለወፍራም መጋረጃ ያውሉት። መስኮቱን ቀን ከ6 እስከ 9 ሰዓት ወለል አድርገው ይክፈቱ፤ ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ ይዝጉ።

ጥያቄ፦ መንዝ ነን። የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ቀይረን ኮርኒስ ብንሠራ ጭሱ አልወጣ አለ።

መልስ፦ ሣሩ ጭሱን እያጣራ ያሳልፈው ነበር፤ ኮርኒሱ ያፍነዋል። ምድጃውን ለብቻው ወደ ማድ ቤት ያውጡት። የማይቻል ከሆነ ከምድጃው በላይ የቆርቆሮ ቆብና ባለ 15 ሳ.ሜ. የጭስ ማውጫ ይሥሩ፣ ከጣሪያው ጫፍ በላይ 1 ሜትር ይውጣ። የሚያልፍበት ቦታ ያለውን ወራጅና ማገር 45 ሳ.ሜ. ያርቁ፤ የጋለ ቱቦ እንጨት ያቀጣጥላል።